የወንበሩ እምብርት

እስቲ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ወይም ከሰፈር ሱቅ ደጃፍ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አይጠፋምና ያዙትና ገልብጡት። ከመቀመጫው ስር፣ ብዙውን ጊዜ ወደ መሃሉ፣ አንዲት ትንሽ ክብ ጠባሳ ታያላችሁ። የሆነ ነገር ተቆርጦ የቀረ ትመስላለች፤ በጣት ሲዳስሷት ትሻክራለች። ቀጥላችሁ የውሃ ሃይላንድ አንሱና ቂጡን ተመልከቱ። እዚያም ልክ መሃሉ ላይ ጉብ ያለች ነጥብ አለች።

ይህች ነጥብ የዕቃው እምብርት ናት። ዕቃው ሞልዱ ውስጥ ሳለ የተመገበው በእሷ በኩል ነው፤ ሲወለድ የተቆረጠውም ከእሷ ላይ ነው። በፋብሪካ ቋንቋ ጌት ትባላለች፤ በር እንደማለት። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አትበልጥም።

የዛሬው ጽሑፌ የዚህች በር ታሪክ ነው። «ስንት ጉዳይ እያለ የወንበር ጠባሳ?» የሚል አይጠፋም። ግን ታገሱኝ። ወንበሩ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲሰበርስ በየት በኩል ይሰበራል የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚመለሰው ገና ማንም ሳይቀመጥበት፣ በሩ የት ትሁን ተብሎ ሲወሰን ነው። ይህንን የሚወስነው ማን ነው? የእኛ ጉዳይ እሱ ላይ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሯ ምን ትሠራለች?

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እንደ ምስር ፍሬ የደቀቀ ጥሬ ፕላስቲክ በጋለ ሲሊንደር ውስጥ ይቀልጣል። የወንበሩ ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይሞቃል። ከዚያ በከፍተኛ ግፊት ወደተዘጋ የብረት ሞልድ ይገፋል። ሞልዱን በውስጡ የሚዞር ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ቅላጩ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ መጠጠር ይጀምራል። መሙላትና መጠጠር ይሽቀዳደማሉ ማለት ነው። ቅላጩ ወደ ዕቃው ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት የመጨረሻዋ ጠባብ ቦታ ጌት ናት።

ለምን ጠባብ ሆነች? ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛ፣ በጊዜዋ እንድትዘጋ ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ስለዚህ ሞልዱ ከሞላ በኋላም ማሽኑ እየገፋ ጥቂት ይጨምርለታል። ጌቷ ስትጠጥር በሩ ተዘጋ፣ ምግቡ አለቀ። ያለጊዜዋ ከተዘጋች ዕቃው ሳይጠግብ ይቀርና ላዩ ይሰረጉዳል። ከልክ በላይ ከዘገየች ደግሞ በሩ አካባቢ ያለው ፕላስቲክ ታጭቆ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል፤ ማሽኑም ያለ ሥራ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ቅልጥ ፕላስቲክ በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲያልፍ ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ይቀጥናል። ይህ እስከ ሩቅ ጥግ ለመድረስ ይረዳዋል። በሯ ከመጠን በላይ ከጠበበች ግን ያርረዋል።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ዕቃው ሲወጣ ትርፉ በቀላሉ ተቆርጦ እንዲለይ ነው።

ይህ ስለ መጠኗ ነው። ከመጠኗ የሚከብደው ግን ቦታዋ ነው። እዚህ ላይ እንጀራ የጋገረ ሰው ከመሐንዲስ ቀድሞ ይገባዋል። ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይፈሳል። እጅ ከዘገየና ምጣዱ ከጋለ ቀድሞ የፈሰሰው ጠርዙ ይያዛል፤ ኋላ የመጣው ሊጥ አጠገቡ ይደርሳል እንጂ አይዋሃደውም። መስመር ይቀራል። እንጀራው ሲነሳም በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። ቅላጩ ሞልዱ ውስጥ ሲሄድ ቀዳዳ የሚሆን ቦታ ካጋጠመው ለሁለት ይከፈልና ከማዶ ይገናኛል። በመንገድ ላይ ፊቱ ቀዝቅዟልና የተገናኘበት ቦታ ስፌት ይሆናል። ስፌት ከሌላው አካል ይልቅ ደካማ ነው። በአንድ በር የሚሞላ ዕቃ ላይ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ ስፌት አለ። ንድፍ አውጪው ስፌቱን ማጥፋት አይችልም። የት ላይ እንዲወድቅ ግን ይመርጣል። የሚመርጠውም በሯን በማዛወር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በከረንቡላ ኳስ ነው

በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቢሊያርድ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር። ጥርሱ እየተወደደ ሲሄድ አንድ የቢሊያርድ ዕቃ አምራች ድርጅት ምትክ ለሚያገኝ ሰው 10,000 ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። በኒውዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሙከራ ጀመረ። ከጥጥ በተገኘ ናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር ሴሉሎይድን ሠራ፤ በ1870 ከወንድሙ ከአይዛያ ጋር የባለቤትነት መብት አወጡበት።

ለእኛ ታሪክ ዋናው ግን የ1872 ሥራቸው ነው። ወንድማማቾቹ ሴሉሎይድን በጋለ ሲሊንደር አሙቆ በገፊ ዘንግ በጠባብ አፍ የሚያስወጣ ማሽን ሠርተው አስመዘገቡ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የኢንጀክሽን ማሽኖች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ማሽን ይደርሳል።

ማሽኑ ቢኖርም ነገሩ ሩቅ አልሄደም። ሴሉሎይድ እንደ ጭድ የሚቀጣጠል ነገር ነው። ከላይ እንዳልኩት ጠባብ በር ሙቀት ትፈጥራለች፤ ሙቀትን የሚፈራ ቅላጭ በጠባብ በር ማሳለፍ ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

በ1907 ሊዮ ቤክላንድ ቤክላይትን ሲፈጥር ጥያቄው ጭራሽ ተረሳ። የድሮ ስልክ፣ የሬዲዮ ቀፎ፣ ጥቁር ሶኬት ሁሉ የቤክላይት ልጆች ናቸው። ቤክላይት በዋናነት የሚሠራው ዱቄቱን በተከፈተ ሞልድ ውስጥ አድርጎ በሙቀት በመጫን ነው። ዕቃው የሚመገብበት በር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ እምብርት የለውም። በአንጻሩ እያንዳንዱ ዕቃ ሙቀቱ እስኪያበስለው ድረስ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ሞልዱ ውስጥ መቆየት ነበረበት።

የተረሳው ኬሚስት

በሯን መልሶ የከፈታት አርተር አይሸንግሩን የሚባል ጀርመናዊ አይሁዳዊ ኬሚስት ነው ማለት ይቻላል። በባየር ኩባንያ ሠርቷል፤ በኋላም በርሊን ውስጥ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። የእሱ ፕላስቲክ ሴሉሎስ አሲቴት ነበር፤ እንደ ሴሉሎይድ ቶሎ አይቀጣጠልም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህንን ዱቄት አቅልጦ በግፊት ወደ ሞልድ የማስገባቱን ዘዴ አዳበረ። በ1926 የኮሎኙ ኤከርት ኡንድ ዚግለር ለገበያ የሚሆን የኢንጀክሽን ማሽን አወጣ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፖሊስታይሪን በኢንዱስትሪ ደረጃ መመረት ጀመረ። ሥራው ፈጠነ።

አይሸንግሩን ግን ከዚህ የተረፈው ነገር ጥቂት ነው። ናዚዎች ፋብሪካውን አሳጡት፤ በ1944 በ76 ዓመቱ ወደ ቴሬዚንሽታት ማጎሪያ ወሰዱት። በሕይወት ወጣ። በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አስፕሪን የተሠራውም በእሱ መሪነት እንደነበር ተከራከረ። ባየር ይህን አይቀበልም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። የአስፕሪኑ ክርክር እስከ ዛሬ ይነሳል፤ የፕላስቲኩን ውለታ ግን የሚያነሳለት ሰው ጥቂት ነው።

ወንበሩን በአንድ ትንፋሽ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። አንደኛው፣ በ1946 አሜሪካዊው ጄምስ ሄንድሪ በገፊ ዘንግ ፋንታ የሚሽከረከር ብሎን ያለው ማሽን ሠራ። ብሎኑ ፕላስቲኩን እያገላበጠ እኩል ያቀልጠዋል። እኩል ያልቀለጠ ፕላስቲክ በጠባብ በር ሲያልፍ ይዘነጣጠላል፤ ብሎኑ ይህን ችግር አቃለለ። ሁለተኛው፣ በ1954 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ሚላን ውስጥ ፖሊፕሮፒሊንን ሠራ። ቀላል፣ ርካሽ፣ ሲታጠፍ ቶሎ የማይሰበር ነው። በ1963 ከካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ያኔ የንድፍ ሰዎች አንድ ሕልም ያዛቸው። ሙሉ ወንበር፣ ያለ ምስማር፣ ያለ ብሎን፣ ያለ ሙጫ፣ ከአንድ ቁስ በአንድ ጊዜ መሥራት።

ሙከራዎቹን በቅደም ተከተል ብታዩአቸው እያንዳንዳቸው በሩ አጠገብ ደርሰው የቆሙ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮቢን ዴይ በ1963 የፖሊፕሮፒሊን ወንበር አወጣ። በመላው ዓለም ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ተሰራጨ፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ መቀመጫውና መደገፊያው ብቻ ነው፣ እግሩ ብረት ነው። ጣሊያናዊው ጆ ኮሎምቦ በ1960ዎቹ አጋማሽ የነደፈው፣ ካርቴል ያመረተው ወንበር ሁሉ ነገሩ ፕላስቲክ ነው፤ ግን እግሮቹ ለብቻቸው ተሠርተው የሚገጠሙ ናቸው። ዴንማርካዊው ቬርነር ፓንቶን በ1967 እግር የሌለው፣ እንደ ማዕበል የታጠፈ ዝነኛ ወንበሩን አቀረበ። ከ1971 ጀምሮ በኢንጀክሽን ተመረተ፤ ነገር ግን የተመረጠው ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር እየደከመ መሰባበር ሲጀምር በ1979 ምርቱ ተቋረጠ። ወደ ገበያ በፖሊፕሮፒሊን የተመለሰው በ1999 ነው።

የሁሉም ችግር አንድ ነው። ወንበር ለቅላጭ ክፉ ቅርጽ ነው። ቀጫጭን ነው፣ ረጃጅም ነው፣ አራት እግሩ በአራት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ጀርባው ወደ ላይ ይወጣል። በሯን አንዱ እግር ጫፍ ላይ ብታደርጓት ቅላጩ ሙሉ ወንበሩን አቋርጦ ከማዶው እግር ሳይደርስ ይጠጥራል። ጀርባው አናት ላይ ብታደርጓት እግሮቹ ይራባሉ።

በ1972 ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ «ፎተይ 300» የተባለውን ወንበር አወጣ። ሙሉ ባለመደገፊያ ወንበር፣ በአንድ ግፊት፣ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ። ዛሬ ሞኖብሎክ የሚባለው፣ በየመጠጥ ቤቱና በየሰርጉ የምናየው ነጭ ወንበር የዚያ ዘር ነው። በእነዚህ ወንበሮች ላይ ጌቷ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ላይ ናት። ስታስቡት ግልጽ ነው። ከመቀመጫው መሃል አራቱም እግሮች በተቀራራቢ ርቀት ላይ ናቸው፤ ጀርባውም ከዚያ ይነሳል። ቅላጩ እንደ ምንጭ ከመሃል ወጥቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጠባሳውም ማንም በማያየው ሥፍራ ይቀራል።

ስፌቱስ? የእጅ መደገፊያውን ተመልከቱ። ከፊት እግር ተነስቶ ወደ ኋላ ዞሮ ጀርባውን ይይዛል፤ በመሃሉ ክፍት ነው። ቅላጩ ከፊትም ከኋላም መጥቶ የሆነ ቦታ ላይ መገናኘት አለበት። ስለዚህ ባለመደገፊያ ወንበር ሁሉ በእያንዳንዱ ክንዱ ዙሪያ አንድ ስፌት ተሸክሟል። ጎበዝ ንድፍ አውጪ ይህ ስፌት ጭነት በማይበዛበት ቦታ እንዲወድቅ ያደርጋል። ግድ የለሽ ንድፍ አውጪ ደግሞ ሰው ሲነሳ በሚመረኮዝበት ቦታ ይተወዋል።

ይህን ወንበር ሀብታሙ ዓለም ብዙም አላከበረውም። የስዊዘርላንዷ ባዝል የከተማ ውበት ያበላሻል ብላ ከ2008 እስከ 2017 በአደባባይ እንዳይቀመጥ ከልክላው ነበር። በሌላ በኩል ዶን ሾንዶርፈር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዚሁ ነጭ ወንበር ላይ የብስክሌት ጎማ ገጥሞ ርካሽ ተሽከርካሪ ወንበር ሠራ፤ በ2001 ባቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩልም ለድሃ አገሮች ሰዎች መታደል ጀመረ። ለአንዱ የከተማ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው እግር ሆነ።

ከግምት ወደ ስሌት

በሯ የት ትሁን የሚለውን ለረጅም ጊዜ የወሰነው የሽማግሌ ሞልድ ሠሪ ግምት ነው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ሞልዱን ሆን ብለው ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት ሩቡን ብቻ እየሞሉ ያወጡና ቅላጩ እንዴት እንደሄደ፣ የት እንደተገናኘ በዓይናቸው ያያሉ። ልክ ካልሆነ ብረቱን እንደገና ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠ ብረት ደግሞ አይመለስም። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነበር።

በ1974 አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኢንጀክሽን ጥናት ፕሮግራም ከፈተ። በ1978 ኮሊን ኦስቲን የተባለ ሰው አውስትራሊያ ውስጥ ሞልድፍሎው የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ሐሳቡ ብረት ከመቆረጡ በፊት ቅላጩ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት መሐንዲስ በሯን በስክሪን ላይ አሥር ቦታ እየቀያየረ ስፌቶቹ የት እንደሚወድቁ በአንድ ቀን ማየት ይችላል። የሽማግሌዎቹ ምሥጢር በገንዘብ የሚገዛ፣ በትምህርት የሚያዝ ዕውቀት ሆነ።

እኛስ?

አሁን ወደ እኛ። እኛ አገር የፕላስቲክ ፋብሪካ አለ፤ ማሽኑም አለ። ጥሬ ፕላስቲኩ በመርከብ ይመጣል። ሞልዱም በአብዛኛው ተሠርቶ አልቆ ከውጭ ይመጣል። ሞልድ ገዛን ስንል የገዛነው ብረት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ ለሌላ ጥሬ ዕቃ የወሰነውን ውሳኔ ጭምር ነው። በሯ ተቆርጣ መጥታለች።

ችግሩ የሚጀምረው ጥሬ ዕቃው ሲቀየር ነው። ዶላር ሲጠፋ ዳግም የተፈጨ ፕላስቲክ ይጨመራል፤ ወይም ወጪ ለመቀነስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቀላል። ዳግም የተፈጨው እንደ አዲሱ አይፈስም፤ ዱቄት የበዛበትም ስፌቱ ላይ ደህና አይያያዝም። ቅላጩ ተለውጧል፣ በሯ ግን ያችው ናት። የእኛ ፀሐይም አለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ፖሊፕሮፒሊንን የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። መከላከያ ቅመም ካልተጨመረበት ደጅ የዋለ ወንበር ቶሎ ይደርቃል። መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ ከሚደክሙት ቦታዎች አንዱ ስፌቱ ነው።

አያቶቻችን ለዚህ ዕውቀት እንግዳ አልነበሩም። ጌት የሚለው የፋብሪካ ቃል ራሱ የተወረሰው ከብረት አቅላጮች ነው። የእኛም አንጥረኞች መስቀል ሲያወጡ የሰም ቅርጽ ሠርተው፣ በጭቃ ለብጠው፣ ሰሙን አቅልጠው አፍስሰው በቦታው ነሐስ ይሞላሉ። ነሐሱ በየት ይግባ፣ አየሩ በየት ይውጣ የሚለውን ሳያውቁ ያ ሁሉ ጥልፍልፍ መስቀል ሞልቶ አይወጣም ነበር። ቀዳዳ በበዛበት መስቀል ውስጥ ቅላጭ ማስኬድ ከወንበር ይከብዳል እንጂ አይቀልም። እነዚህን ሰዎች ግን «ቀጥቃጭ» ብለን ስንንቅ ኖርን። ንቀቱ ዋጋ አስከፍሎናል፤ ዛሬም እያስከፈለን ነው።

ስለዚህ «ፋብሪካ ተመረቀ» የሚል ዜና ሲነበብልኝ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞልዱን ማን ቆረጠው? ማሽን የገዛ አገር ዕቃ ያመርታል። ሞልድ የሚቆርጥ አገር ግን ዕቃው ምን እንደሚሆን ይወስናል። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ከማሽን ማንቀሳቀስ ባሻገር የሞልድ ንድፍ በቁም ነገር ቢሰጥ፣ ፋብሪካዎች ተባብረው አንድ የጋራ የሞልድ ወርክሾፕ ቢያቆሙ፣ ወጪው ከሌላ አዲስ ማሽን የሚበልጥ አይመስለኝም።

ለእድር ኮሚቴዎች

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ገንዘባችሁን አትጣሉ። ድሮ እድር አግዳሚ ነበር የሚገዛው፤ አሁን የፕላስቲክ ወንበር በመቶ ይገዛል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

አንድ፣ ገልብጡትና እምብርቱን ፈልጉ። ዙሪያው ከነጣ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የመቃጠል ጥቁር ምልክት ካለው ተዉት።

ሁለት፣ በብርሃን አዘንብላችሁ የእጅ መደገፊያውንና በጀርባው ክፍተቶች ዙሪያ ያለውን አካል እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ስፌት ነው። መኖሩ አያስደንግጣችሁ፤ ግን ክንዱን በሁለት እጅ ያዙና በኃይል ጠምዝዙት። በመስመሩ ላይ ከነጣ ነገ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ሦስት፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን የሁለት ሻጭ ወንበሮች በሚዛን አስቀምጡ። የቀለለው ብዙውን ጊዜ ቅጥነቱ ነው የረከሰው።

አራት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅመም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ መልሱን አግኝታችኋል።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ወንበር ተሰብሮባቸው የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ አዛውንቶች ናቸው። በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው «ወንበሩ አሮጌ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተቱ ግን ወንበሩ አዲስ ሳለ፣ አንዲት በር በማይሆን ቦታ ስትቆረጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሞልድ የምትሠሩ፣ ማሽን የምታንቀሳቅሱ፣ ፋብሪካ ያላችሁ የቻናሉ ቤተሰቦች፣ እናንተ ዘንድ በሯን የሚወስነው ማን ነው? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን።